የዴንማርክ ፓምፕ ስትገዙ፦ የናይሮቢ ቢሮ ወይስ የአዲስ አበባ ወኪል?

የጉድጓድ ውሃ ሥራ ውስጥ የገባ ሰው የፓምፕ አምራቹን ግሩንድፎስን ያውቀዋል። በ1945 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ፣ ብዬሪንግብሮ በምትባል ትንሽ ከተማ የተመሠረተ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሥራውን ናይሮቢ ካለው ቢሮ ይመራል፤ ዕቃው ደግሞ በየአገሩ በወኪል ይሸጣል። ኮምፕሬሰርና ፓምፕ የሚሠራው የስዊድኑ አትላስ ኮፕኮም ናይሮቢ ላይ የራሱ ቢሮ አለው። ታዲያ እኛ ከማን ጋር እንነጋገር?

የናይሮቢው ቡድን የሚበልጠው በስሌት ነው። የፓምፒንግ ቴስቱን፣ ማለትም ጉድጓዱ እየተሳበ የተለካበትን ሙከራ፣ ውጤት ላኩለት። ውሃው ሲሳብ ስንት ሜትር እንደሚወርድ ይጠይቃችኋል፣ ታንከሩ ያለበትን ከፍታም እንዲሁ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ውሃው ሳይነካ 40 ሜትር ላይ ይታይና ፓምፑ ሲስበው 75 ሊወርድ ይችላል። በ40 አስልቶ የሸጠላችሁ ሰው፣ ታንከር የማይደርስ ፓምፕ ነው የሸጠላችሁ።

ሶላር ላይም እንዲሁ ነው። ኤስኪውፍሌክስ የሚባለው የግሩንድፎስ ፓምፕ ከ30 እስከ 300 ቮልት ዲሲ ወይም ከ90 እስከ 240 ቮልት ኤሲ ይቀበላል። ፀሐይ ስትጠፋ በጄኔሬተር ይነሳል ማለት ነው። ግን ሞተሩ ትንሽ ነው። ለትልቅ ቀበሌ ኤስፒ የሚባለው ትልቁ የጉድጓድ ፓምፕ፣ የሶላሩን ዲሲ ወደ ኤሲ ከሚቀይረው ኢንቨርተር ጋር፣ ይሻላል።

ወኪሉ የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ ፓምፑ በቆመ ቀን ነው። ቧንቧውን ከጉድጓዱ ነቅሎ የሚያወጣው፣ ኬብሉን የሚቀጥለው እዚሁ ያለ ሰው ነው። ብር ተቀብሎ የውጭ ምንዛሬውንና የጉምሩኩን ጣጣ ይጨርስላችኋል። ዋጋው ይጨምራል። እኔ ግን ያንን ጭማሪ ከፍዬ አልቆጭም፤ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ወደ ወንዝ የሚመለሱት ፓምፑ በቆመ ማግስት ነው።

ለአንድ ጉድጓድ ከሆነ ከወኪሉ ግዙ፤ ስሌቱን ግን በጽሑፍ አስመጡ። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆነ ጨረታው ሳይወጣ ናይሮቢን አማክሩ። ዋስትናው ከምርት ቀን ነው የሚቆጠረው ወይስ ከተተከለበት? መለዋወጫው አዲስ አበባ ስቶክ ውስጥ አለ? ሁለቱንም ሳትከፍሉ ጠይቁ።

ፓምፑ ከመውረዱ በፊት ታርጋውን፣ ሞዴሉና ቁጥሩ የተጻፈበትን ሰሌዳ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። እዚያ ላይ ያለው ባለአራት አሃዝ ቁጥር የተመረተበትን ዓመትና ሳምንት ይነግራል፤ 2432 ማለት በ2024 32ኛው ሳምንት ነው። አንዴ 90 ሜትር ከወረደ ማንም አያነበውም።