ዛይስ፣ ላይትስ ወይስ ኒኮን? ያገለገለ ማይክሮስኮፕ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ለመግዛት የሚያመነታ ሰው አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባ ጉዳይ፣ ሌንሶቹ ሊያስቀሩት ያልቻሉት የቀለም ስህተት (የብርሃኑ ቀለማት በትክክል ባለመገጣጠማቸው የሚፈጠረው) የት ላይ እንደሚታረም ነው። ሦስቱም ጥርት ያለ ምስል የሚሰጡ መሣሪያዎች ሠርተዋል፤ ሆኖም የተከተሉት መንገድ ስለሚለያይ፣ የአንዱን የዓይን ሌንስ ከሌላው ኦብጀክቲቭ (ከናሙናው አጠገብ ከሚገኘው ሌንስ) ጋር ያጣመረ ገዢ በውድ ዋጋ ዳር ዳሩ ቀለም የሚያወጣ ምስል ያተርፋል። (ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርል ዛይስ በጀርመን የዬና ከተማ ሥራውን የጀመረው በ1846 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሌንሶቹን የሚያዛምደው እንደ ዘመኑ ሠሪዎች ሁሉ በመሞከርና በመለዋወጥ ነበር። ይህን አሠራር የለወጠው በ1866 ከእርሱ ጋር መሥራት የጀመረው የፊዚክስ ሊቁ ኤርንስት አቤ ነው። አቤ በ1873 የማይክሮስኮፕ የመለየት አቅም በብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና በኦብጀክቲቩ ኒውሜሪካል አፐርቸር (ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙን በሚገልጸው ቁጥር) እንደሚወሰን አሳየ። ሕጉ ዛሬም የገዢን ኪስ ይጠብቃል፦ በ550 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን፣ አፐርቸሩ 1.4 የሆነ ኦብጀክቲቭ ለይቶ የሚያሳየው ርቀት 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። አፐርቸሩ 1.25 ከሆነ ደግሞ ከ1250 እጥፍ በላይ ማጉላት ምስሉን ያሰፋዋል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም፤ «2000 እጥፍ ያጎላል» የሚለውን የሻጭ ቃል በዚህ መመዘን ነው።

አቤ ከመስታወት ባለሙያው ከኦቶ ሾት ጋር ባደረገው ምርምር በ1886 አፖክሮማት የተባሉት ኦብጀክቲቮች ለገበያ ቀረቡ። ሦስት ቀለማትን በአንድ የትኩረት ነጥብ ላይ ቢያገናኙም፣ ቀለማቱ በመጠን የሚበላለጡበት ስህተት ግን ቀርቶባቸው ስለነበር፣ ይህን የሚያቃና ኮምፐንሴቲንግ የተባለ የዓይን ሌንስ አብሮ ተሠራላቸው። ጥንዶቹን መነጣጠል የማይገባው ለዚህ ነው። ያልተቀለመ ሕያው ሴል ማየት ለሚፈልግ፣ በሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ በፍሪትስ ዜርኒከ ግኝት ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ፌዝ ኮንትራስት (በብርሃን ሞገዶች መካከል ያለውን የማይታይ ልዩነት ወደ ብሩህነት ልዩነት የሚቀይረው ዘዴ) ዛይስን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ይሆናል፤ ዛይስ በ1941 ገበያ ላይ አውሎታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድርጅቱ በምዕራብ ጀርመን ኦበርኮኸንና በምሥራቅ ጀርመን ዬና ለሁለት ስለተከፈለ፣ «ዛይስ» የሚለው ስም ብቻውን የትኛው እንደሆነ አይነግርም።

ላይትስ መነሻው ካርል ኬልነር በ1849 በጀርመን የቬትስላር ከተማ ያቋቋመው ተቋም ሲሆን፣ ኤርንስት ላይትስ በ1869 ብቸኛ ባለቤቱ ሆነ። በ1907 የሠራውን 100,000ኛ ማይክሮስኮፕ ለሮበርት ኮኽ አበርክቷል። በእኔ ግምት የቆዩት የላይትስ አካላት ጥንካሬ ለዕለታዊ ሥራ ይመረጣል፤ ሆኖም የቱቦው ርዝመት (ኦብጀክቲቩን ከዓይን ሌንሱ የሚያራርቀው) በዘልማድ 170 ሚሊሜትር ሲሆን የዛይስ 160 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ በተለይ 40 እጥፍ በሚያጎሉ ደረቅ (ያለ ዘይት በሚሠሩ) ኦብጀክቲቮች ላይ ምስሉን ያደበዝዛል።

የጃፓኑ ኒኮን በ1976 ባወጣው ሲኤፍ በተባለ ሥርዓት የቀለም ስህተቱ በሙሉ በኦብጀክቲቩ ውስጥ እንዲታረም አደረገ፤ በዚህም የዓይን ሌንሱ ከማረም ሥራ ነፃ ወጣ። በመሆኑም ክፍሎችን ቀስ በቀስ እየገዛ ለሚያሟላ ሰው ኒኮንን አስቀድማለሁ፤ የኒኮን ኦብጀክቲቭ ግን በኮምፐንሴቲንግ የዓይን ሌንስ ቢታይ፣ የሌለ ስህተት ስለሚታረም ራሱ እርማቱ ስህተት ይሆናል።

አዲሶቹ ኢንፊኒቲ የተባሉ ሥርዓቶችም (ከኦብጀክቲቩ ትይዩ ሆኖ የሚወጣውን ብርሃን በቱቦው ውስጥ ያለ ሌላ ሌንስ የሚሰበስብባቸው) የተለያዩ ሠሪዎችን ክፍሎች የማጣመርን ችግር አላስወገዱም፤ የዚህ የቱቦ ሌንስ የትኩረት ርዝመት በዛይስ 165፣ በኒኮንና የላይትስ ተተኪ በሆነው በላይካ 200፣ በሌላው የጃፓን ድርጅት በኦሊምፐስ 180 ሚሊሜትር ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ጥቁር መስመሮች ያሉት ስላይድ አስቀምጠው የእይታውን ዳር ይመልከቱ፤ የመስመሩ አንደኛው ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ቀይ ሆኖ ከታየዎ የዓይን ሌንሱና ኦብጀክቲቩ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም።