ካት 4 ወይስ ካት 6? የ4ጂ ራውተር መቀየር ፍጥነት ይጨምራል? ካት (ካቴጎሪ) የራውተሩ የፍጥነት ደረጃ ነው።

ካት 4፦ በአንድ ጊዜ አንድ ሞገድ ብቻ ይጠቀማል፤ ጣሪያው በሰከንድ 150 ሜጋቢት ነው። ዋጋው ረከስ ይላል።

ካት 6፦ ሁለት ሞገድ አጣምሮ እስከ 300 ያወርዳል። አፕሎድ ግን በሁለቱም 50 ነው። ታወሩ ሞገድ ካላጣመረ ለውጡ አይታይም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩን ገጽ (በብዙ ሁዋዌዎች 192.168.8.1) ከፍተው አርኤስአርፒ (RSRP፣ የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) የሚለውን ቁጥር ይዩ። -115 አካባቢ ከሆነ ችግሩ ሲግናል ነው፤ ራውተሩን ታወሩ ወዳለበት መስኮት ያስጠጉ ወይም የውጭ አንቴና ይግጠሙ። ረጅም ኬብል ሲግናል ስለሚበላ ያሳጥሩት።

ሲግናሉ ጥሩ (-85 አካባቢ) ሆኖ ንጋት ላይ እየፈጠነ ምሽት ላይ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ታወሩ ተጨናንቋል። ያኔ ካት 6 ሊረዳ ይችላል። ሁለት ስልክና አንድ ቴሌቪዥን ላለበት ቤት ግን ካት 4 ይበቃል።