ለደሴ ሰው፦ እማየን ወደ ማዕድ የመለሰችልን ተመላላሽ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የደሴ ልጆች። ይህን ልጽፍ ስል ወራት አለፉ። ስሟን ፌስቡክ ላይ እንዳላወጣው አስምላኛለች፤ ስለዚህ "ተመላላሿ" እያልኩ ልቀጥል። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እናቴ 76 ዓመቷ ነው፣ ሆጤ ብቻዋን ትኖራለች። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ወንድሜ ጅዳ። ስኳርና ግፊት አለባት። በስልክ "በላሽ ወይ?" ስላት መልሷ ሁሌም "አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ፣ አብሽሪ" ነበር። በ2016 ለአረፋ ስሄድ ልታቅፈኝ እጇን ስታነሳ የብር አምባሯ እስከ ክርኗ ተንሸራተተ። ያ አምባር ድሮ ያለ ሳሙና አይወጣም ነበር። መድኃኒት ቤት ሚዛን ላይ አቆምናት፣ 44 ኪሎ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ነው። "ጨው ይቅር፣ ቅባት ይቅር፣ ጣፋጭ ይቅር" ብለው በሁለት ደቂቃ ሸኟት። ምን ትብላ ያላት የለም። እሷም ታዛዥ ናትና ሁሉንም ተወችው፤ የቀራት ጨውም ዘይትም የሌለበት ቀጭን ሽሮ ነበር። እሱንም ቀምሳ ትገፋዋለች። አዳሪ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ቀጥረናል። ልጆቹ አልሰነፉም፤ ሠርተው ያቀርባሉ፣ ሳይነካ ያነሳሉ።

ተመላላሿ በ2017 መስከረም ገባች። በመጀመሪያው ቀን ምድጃ አልለኮሰችም። የትናንቱን ትሪ ከፍታ አየችና "መሐሉ ተበልቷል፣ ዳር ዳሩ ቀርቷል። እማማ፣ ጥርስዎን ያምዎታል እንዴ?" አለቻት። እማየ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ሰው ሠራሽ ጥርሷ በመሐረብ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ሰው ሲከሳ ድዱም ይሟሽሻል፣ ጥርሱ ይላላል፣ እየተንቀሳቀሰ ያቆስላል። አፍራ ደብቃዋለች እንጂ ምግብ አላስጠላትም። እኔ ልጇ ከአረፋ እስከ መስከረም ስመላለስ ያላየሁትን እሷ በአንድ ትሪ አየችው።

ጥርሱ ሐኪም ጋ ሄዶ እስኪስተካከል ሁሉን ነገር ለስላሳ አደረገችው። ምስር ክክ በደንብ በስሎ ተደፍቆ፣ እንቁላል በቲማቲም፣ ፍትፍት፣ እርጎ። ዓሣ ደግሞ ከሐይቅ ይመጣል፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጥንቱን በጣቷ እየዳሰሰች አንድ በአንድ ትለቅማለች። ነርስ የሆነች የአክስቴ ልጅ እንዳለችኝ አዛውንት ጡንቻው እንዳይቀልጥ በኪሎ ቢያንስ 1 ግራም ፕሮቲን በቀን ያስፈልገዋል። ለእማየ 44 ግራም መሆኑ ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ቢሰጥ ነው። ሽሮ ውሃ የት ያደርሳታል!

ስለ ጨው አንድ ነገር ላንሳ፣ ብዙ ቤት ያለ ስሕተት ስለሆነ። በርበሬያችንን ቀምሳ "ይሄ ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል" አለች። ሽሮውም እንደዚያው። እኛ ወጡ ላይ ጨው ስንተው በርበሬው በጎን ያስገባው ነበር። አዲስ በርበሬ ያለ ጨው አስፈጨች፤ ከዚያ ወጡ ላይ ትንሽ ጨው፣ ብዙ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ። ምላስ በእርጅና ይደነዝዛል፤ አልጫ አልጫውን ስታቀርቡለት ለምን ይብላ?

አሁን ወደ ዋናው። ተመላላሿ ክርስቲያን ናት። የእማየን ሥጋ አትቀምስም፤ ረቡዕና አርብ ደግሞ ጠዋት ምንም አትቀምስም። ለወሎ ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። እሷ ግን ብልኃት አደረገችው። ወጡ ሲንተከተክ በማንኪያ ጫፍ ታወጣና እማየ መዳፍ ላይ ጠብ ታደርጋለች።

"እማማ፣ ይቅመሱልኝ፣ እኔ ጾም ነኝ።"

እማየ ትልሳለች። "ሽንኩርቱ ገና ነው።"

ትንሽ ቆይታ እንደገና ጠብ። "አሁንስ?"

"ቀረው።"

ሦስተኛው ላይ "በመዳፍ አይታወቅም፣ በዚች ቁራሽ ይሞክሩት" ይመጣል። በር ላይ ቆሜ ቆጥሬያለሁ፦ ምሳው ሳይቀርብ ግማሽ እንጀራ ሄዷል። እማየ ደግሞ በልታ አታውቅም፣ እያረመች ነው። "ይቺ ልጅ ያለኔ ወጥ አይወጣላትም" ትለኛለች በስልክ።

በዚያው ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ በቀናት ልዩነት ገቡ። እማየ ካልጾምኩ አለች። የምትወስደው ክኒን፣ ግሊቤንክላሚድ የሚባለው፣ ምግብ ከሌለ ስኳርን ይጥላል። በሁለተኛው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ አላባት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። ተመላላሿ ለካች፣ 58። ከ70 በታች አደጋ መሆኑን ታውቃለች። እማየ ግን አልፈታም አለች። ምን አደረገች መሰላችሁ? ለሰፈራችን ሼኽ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። ሼኹ ከቁርኣን፣ ከአል-በቀራ ምዕራፍ፣ ለታመመ ሰው ጾሙን የሚያቀልለትን 184ኛውን አንቀጽ ጠቅሰው "ፍቺ፣ አሁኑኑ" አሏት። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አጠጣቻት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማ ለካች፣ ወጣ፤ ያኔ ምግብ አበላቻት። ከእኔ ጋር የተነጋገርነው ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ እማየ ለየቀኑ ፊድያ ማውጣት ጀመረች፣ ላልጾመችው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ማብላት። በየቀኑ አንድ ሰው ቤቷ መጥቶ ያፈጥራል። ምግቡን የምትሠራው ሁዳዴ የያዘችው ተመላላሿ፣ የምትቀምሰው መጾም ያልቻለችው እማየ። ለእንግዳ የሚቀርብ ነውና ቅምሻው ረዘም ይላል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሚያዝያ ላይ ሄድኩ። በዓለ ኀምሳ ነው፣ ረቡዕም አርብም የማይጾምበት። ተመላላሿ ማንኪያዋን ይዛ "እማማ፣ ይቅመሱልኝ፣ ጾም ነኝ" አለች። እማየ የክርስቲያን ጎረቤቶቿን ጾም ከኔ በላይ ቆጥራ ታውቃለች። ቀና ብላ አየቻት፣ ምንም አላለችም፣ መዳፏን ዘረጋች።

ሌላውን ባጭሩ። ደሴ ብርድ ነው፣ አዛውንት ደግሞ ጥሙ አይሰማውም፤ ማታ ወደ ውጭ መውጣትም ስለሚከብዳት እማየ ውሃ ትሸሽ ነበር። አሁን አንድ ጆግ ለብ ያለ ውሃ ከዓስር ሶላት በፊት ያልቃል፣ ሌሊት አይቀሰቅሳትም። ቡናውንም አልከለከለቻትም (ማን ይደፍራል?)፣ ግን ወዲያው በምግብ ላይ ሲጠጣ የምግቡን ብረት ስለሚያስቀር አቦሉ ምሳ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሆነ። ለቡና ቁርስ ቆሎ የነበረው በሶ ሆኗል፣ ጎረቤቶችም ለምደውታል።

ጉድለቷንም ልናገር፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ሰኞ ገበያ ስለምትወጣ ታረፍዳለች። ስልክ አታነሳም። ቤተሰብን ፊት ለፊት ትናገራለች። ከአዲስ አበባ በካርቶን የምልከውን ብስኩት ለጎረቤት ልጆች አድላ "እህቴ፣ ብስኩቱን ተይውና ምሳ ሰዓት ላይ ደውይላት" ብላኛለች። ቅር አለኝ፣ ግን ደወልኩ። ስልኩን ስኒ ላይ ታስደግፍላታለች፣ እማየ እያወራችኝ ትጎርሳለች። በመጨረሻ ስትመዘን 50 ኪሎ ገብታለች፤ አምባሩ ገና ይሾልካል፣ ግን የእጅ አንጓዋ ላይ ቆሟል።

ለምትፈልጉ፦ በእግሯ ስለምትሄድ ሆጤና አካባቢው ቢሆን ይመረጣል። ዋጋውን ከራሷ ጋር ተነጋገሩ። ልብስ ማጠብና ቤት መወልወል አትሠራም፣ ቀድሜ ልንገራችሁ። ለአዛውንት ማብሰልና አብሮ መቀመጥ ብቻ። አሁን አንድ ቤት መጨመር ትችላለች፣ ከሰዓት። ጠዋቱን እንዳትጠይቋት። እማየ ይህን መጻፌን ከሰማች "ሊወስዱብኝ ነው" ብላ ታኮርፈኛለች፣ ከሰባት ሰዓት በፊት ያለው የሷ ነው።