መጥፎ ምዘናን ከፋይል ለማስነሳት፦ የትኛው መንገድ?

የአክስቴ ልጅ የጅማ ልጅ ነው፤ አሁን የአሜሪካ ጦር ውስጥ ሳጅን ነው። ሰሞኑን ለእረፍት መጥቶ እዚያው ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ይዘን ያወራነው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አለቃው ስለ ሥራው ጽፎ ፋይሉ ውስጥ ስለገባበት መጥፎ ምዘና።

አንዱ መንገድ የአሠራር ስህተት ማሳየት ነው። ቀኑ ተሳስቷል፣ ወይ መዛኙ የመመዘን ሥልጣን አልነበረውም። ወረቀት ከወረቀት ማመሳከር ነው፣ አለቀ።

ሌላው «የመዛኙ ፍርድ ራሱ አድልዎ አለበት» ማለት ነው። ይሄኛው ይከብዳል። አቤቱታው ምዘናው የሚሸፍነው ዘመን ካበቃ በ3 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ ማስረዳቱም የሱ ፋንታ ነው። «አለቃዬ ጠምዶ ይዞኛል» ብቻውን አያዋጣም። በዚያ ጊዜ ሥራውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች የጻፉት ምስክርነት ያስፈልጋል። አክስቴ «ልጄ ጎበዝ ነው» ብትል ማን ይሰማታል!

የመጀመሪያው ይቀላል፤ ግን ቀኑ ብቻ ታርሞ ነቀፌታው እዚያው ሊቀር ይችላል። ለሱ ሁለተኛው ይሻለዋል ባይ ነኝ።