ከካሴት ወደ ፋይል፦ ያልታተሙ ዘፈኖቻችንን የተረከበው የብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቅጂ ቤት

ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው የተበተነው ባንዳችን በ1994 ዓ.ም. ካዛንቺስ በሚገኝ መኖሪያ ቤት የቀዳቸውንና ለሕዝብ ያላደረሳቸውን ዘፈኖች እንደገና ለመጫወት ስንነሳ፣ ከሁሉ በፊት ያስፈለገን ካሴቶቹን በአግባቡ ወደ ኮምፒውተር የሚያዛውር ባለሙያ ነበር። ይህን ሥራ እንሠራለን የሚሉ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ አብዛኞቹ ግን ቴፑን በአንድ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው፣ ማጫወቻውን ተጭነው ወደ ሌላ ሥራቸው የሚሄዱ ናቸው። እዚህ የምገመግመው ቤት በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። መቀመጫው የማይመች፣ ደረጃው ጨለማ ቢሆንም፣ የሥራውን ጥራት ላየ ሰው ደረጃውን መውጣት የሚያስቆጭ አይደለም።

ካሴቶቻችን ለማንም ባለሙያ ፈተና እንደነበሩ መናገር ተገቢ ነው። ባለብዙ ትራክ መቅጃ ስላልነበረን መጀመሪያ ኪቦርዱንና ቤዝ ጊታሩን በአንድ ቴፕ ቀድተን፣ ያንን እያጫወትን ክራሩንና የድምፃዊቷን ድምፅ ጨምረን በሌላ ቴፕ እንቀዳ ነበር፤ በዚህ አሠራር የመጀመሪያው ካሴት ሹክሹክታ፣ ማለትም ከሙዚቃው ሥር የሚሰማው የቴፑ ሽሽታ፣ በሁለተኛው ላይ ይደረባል። ባዶ ካሴት መግዛት ባልቻልንባቸው ጊዜያት ደግሞ የታተመ ካሴት ጥግ ላይ ያለውን ቀዳዳ በወረቀት ደፍነን በላዩ ላይ ቀድተናል። የአንዱ ዘፈናችን መጨረሻ ላይ የቀድሞው ካሴት ማሲንቆ ድንገት ብቅ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ባለሙያው ሊቆርጡት ሲሉ እንዲተዉት ለመንናቸው።

ባለሙያው ካሴቱን ከማጫወታቸው በፊት ከፍተው ተመለከቱት። ክሩን ከማጫወቻው ራስ ጋር የሚያስጠጋው ትንሽ ስፖንጅ ከአንዱ ካሴት ላይ ተነቅሎ ጠፍቶ ስለነበር፣ ከማይፈለግ ካሴት ላይ አንስተው ተኩለት። ቀጥሎም በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ የማጫወቻውን ራስ ዘንበል ቀና እያደረጉ፣ የክራሩ አመታት ጥርት ብሎ እስኪሰማ ድረስ አስተካከሉት። ይህን አለማድረግ የብዙ ቅጂ ቤቶች ጉድለት ነው፤ ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ራስና የሚጫወትበት ቴፕ ራስ ማዕዘናቸው ካልገጠመ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይደበዝዛሉ፣ ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር የሚደረግ ማስተካከያም የጠፋውን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም።

እጅግ ያስደነቀኝ ግን የፍጥነቱ ጉዳይ ነው። ከአሮጌው ቅጂ ጋር አብረን ልንለማመድ ስንሞክር የቅጂው ድምፅ በኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች መካከል ወድቆ አልገጥም ይለን ነበር። ባለሙያው ይህን ሲሰሙ፣ «እስቲ መጀመሪያ መብራቱን እንስማው» አሉን። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ በመብራት የሚሠራ ቴፕና ማጉያ በካሴቱ ላይ ያንኑ ዝቅተኛ እምታ (የመብራት ጉምጉምታ) ያስቀራሉ። በኮምፒውተሩ ሲለኩት እምታው በሰከንድ 51.5 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ የያኔው ቴፓችን ቀርፈፍ ብሎ ይቀዳ ስለነበር አሁን በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ሙዚቃው ሦስት በመቶ ያህል ፈጥኗል፣ ይህም ወደ ግማሽ ሴሚቶን (በኪቦርድ ሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ካለው ርቀት ግማሹ) ይጠጋል ማለት ነው። ፍጥነቱ ሲስተካከል በባቲ ቅኝት የተጫወትነው ዘፈን ከኪቦርዱ ጋር ገጠመ፣ የድምፃዊቷም ድምፅ ወደምናውቀው ውፍረቱ ተመለሰ።

ቅሬታዬ የሚነሳው ከማጣራቱ ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ የተረከብነው ፋይል ሹክሹክታው ፈጽሞ የተወገደለት ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር ከአመታቱ በኋላ እየሳሳ የሚጠፋው የክራሩ ድምፅ ጭራ አብሮ ሄዷል፤ ድምፃዊቷ ትንፋሽ በምትወስድባቸው ቦታዎችም ሙዚቃው ውኃ ውስጥ እንደገባ ሰው ድምፅ ይሆናል። የካሴት ሹክሹክታና የክራር አመታት ድምቀት በአንድ የድምፅ ክልል ስለሚገናኙ አንዱን አጥብቆ የሚያጠፋ ሌላውንም ይጎዳል። ያልተጣራውን ቅጂ ስንጠይቅ ሳያንገራግሩ ሰጡን፤ ሆኖም ሳይጠየቅ መሰጠት ያለበት እርሱ ነበር። የፋይሎቹ አሰያየምም ቁጥር ብቻ በመሆኑ የትኛው ዘፈን የት እንዳለ ለመለየት ሁሉንም ማዳመጥ ነበረብን።

ይህ ጉዳይ ከእኛ አልፎ የሚሄድ ይመስለኛል። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ በሸክላ ያሳተሟቸው ሥራዎች በኋላ ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ ባዘጋጁት ተከታታይ ስብስብ ለዓለም ሲደርሱ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆነው የሠሩት ካሴትም ባሕር ዳር ከተገኘ አንድ ቅጂ ተነስቶ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሟል። እነዚህ ሁሉ በብዙ ቅጂ ተሰራጭተው የነበሩ ናቸው። የቤት ቅጂ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም በተሳሳተ እጅ ከተበጠሰ መተኪያ የለውም።

በዚህ ቅጂ መሠረት ዘፈኖቹን አራት ኪሎ ባለ የልምምድ ክፍል እንደገና እየተጫወትናቸው ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሾቹ ሳይታተሙ መቅረታቸው ለእኛም ለአድማጭም ደግ ሆኗል፤ ግጥማቸው የሰፈር ጉራ የበዛበት ነው። የባቲው ዘፈን ግን ቤዙ ከክራሩ ጋር የሚመላለስበት አካሄድ ዛሬም ያስቀናል፣ አሁን ዝግ አድርገን ስንጫወተው ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ድምፃዊቷ በጊዜው ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ስለሄደች ድምፅዋን የምትልክልን በቴሌግራም ነው፤ በድምፅ መልእክት ሲላክ ጥራቱ ስለሚወርድ በፋይል መልክ እንድትልክ ተስማምተናል።

ወደዚህ ቤት ለሚሄዱ፣ ክፍያው በካሴት ብዛት ሳይሆን በሚቀዳው ሰዓት የሚታሰብ በመሆኑ ባዶ የሆኑትን ገጾች አስቀድሞ መለየት ይጠቅማል። ከፍ ባለ ጥራት፣ ማለትም በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ፣ የሚቀዳ የአንድ ሰዓት ሙዚቃ ሁለት ጊጋባይት ያህል ቦታ ስለሚይዝ ሰፋ ያለ ፍላሽ መያዝ፣ የዘፈኖቹን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ ከካሴቱ ጋር መስጠት፣ ቀሪውን ሂሳብ ከመክፈል በፊትም ያልተጣራው ቅጂ ፍላሹ ላይ መኖሩን እዚያው በጆሮ ማዳመጫ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።