ለቮልስ የድሮ የውድድር ዕቃ፦ ያረጀ ኦርጅናል ወይስ አዲስ ቅጂ?

ጥያቄው አያልቅም። «ቮልሴን እንደ ድሮ የራሊ መኪና ላደርጋት ነው፣ ምን ልግዛ?» ከባሕር ዳር ይደውሉልኛል፣ ከፍኖተ ሰላም ይጽፉልኛል፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ቡና ላይ ይይዙኛል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መልሱን ላስቀድም። ያረጀ ኦርጅናል ግዙና አሳድሱት። አዲስ ቅጂ አትግዙ፣ በነጻ ቢሰጧችሁም ሁለቴ አስቡ። ሳጥኑ ያልተከፈተ እውነተኛ ዌበር፣ ማለትም ውዱን የውድድር ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ)፣ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ካለ ደግሞ እሱ እኔን መጠየቅ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ግን «የድሮ ውድድር» ስንል የትኛውን ነው? ብዙ ወጣት በስልኩ የሚያየው የካሊፎርኒያውን ነው። የሚያብለጨልጭ ክሮም፣ ሁለት ካርቡሬተር፣ ሰፊ ቸርኬ። እሱ የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ልጆች ፋሽን ነው። የተሠራውም ለጥ ባለ አስፋልት ላይ 400 ሜትር ለመፈትለክ ነው። ለእኛ የሚቀርበን ሌላ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ቮልስ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 እ.ኤ.አ. አንደኛ ወጥታለች። በዚያ ጭቃና አቧራ ያሸነፈችው ባለ 1200 ሞተሯ ቮልስ፣ ከፋብሪካ ከወጣችው ብዙም የራቀች አልነበረችም። አንድ ካርቡሬተር፣ የብረት ቸርኬ፣ በዘይት የሚሠራ የአየር ማጣሪያ። ዘመኑን ጠብቄ ላስተካክላት ካላችሁ ለጎጃም መንገድ የሚሆነው ይሄ ነው። ደግሞም በጣም ርካሹ ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንግባ። ከታች የምጠራው ዋጋ እኔና ጓደኞቼ የተጠየቅነው ነው። ደላላ ከገባበት ጨምሩበት።

ያረጀ ኦርጅናል ሶሌክስ 34 ፒክት 3፣ ማለትም የ1600 ሞተሩ ካርቡሬተር፣ ከ14,000 እስከ 20,000 ብር ይጠየቃል። አዲሱ የሶሌክስ ቅጂ 22,000 ነው። አያችሁ? ቅጂው ከኦርጅናሉ የሚወደደው አዲስ ስለሆነና በሳጥን ስለመጣ ብቻ ነው። የሁለት ካርቡሬተር ቅጂ፣ ከነማያያዣ ዘንጉ፣ 85,000 ተጠይቋል። እውነተኛ የዌበር ጥንድ ደግሞ 190,000 ብለውናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ቢሆን ይህ ሁሉ በግማሽ የሚገኝ ነበር። ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ከዚያም አልቆመም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃን ዋጋ «አምና እንዲህ ነበር» ብላችሁ አትከራከሩ። እዚሁ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ዕቃ ላይ ግን ተከራከሩ። ሻጩ ዕቃውን የገዛው በድሮ ብር ነው።

የኦርጅናሉ ማሳደሻ ስንት ይወስዳል? የጋስኬትና የመርፌ ኪት 3,500። ቶርኖ ቤት የስሮትሉን (የአየር መግቢያውን ከፍቶ የሚዘጋውን ክዳን) ዘንግ ቀዳዳ አስፍቶ የነሐስ ቡሽ ለማስገባት 1,800። ማጠቢያ ነዳጅና የግማሽ ቀን ትዕግሥት። በ16,000 ከገዛችሁት ድምሩ 21,300 ነው። ከቅጂው በ700 ብር አንሷል፣ በእጃችሁ ያለው ግን ሌላ ሃያ ዓመት ሊሄድ የሚችል ዕቃ ነው።

ስለ ዘንጉ ትንሽ ልቆይ፣ አሮጌ ካርቡሬተር ስትገዙ ገንዘባችሁ የሚተርፈው ወይም የሚበላው እዚህ ላይ ነው። የስሮትሉን ዘንግ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደላይ ወደታች ነቅንቁት። ትንሽ ቢንቀሳቀስ ችግር የለም፣ ቶርኖ ያድነዋል። እንደ ላላ ጥርስ ከተነቃነቀ ግን አየር ይስባል ማለት ነው። ሚኒሞ አይይዝም፣ ስትቆሙ ይጠፋል፣ መካኒኩም ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ላይ ሲፈርድ ይከርማል። ይሄንን አሳይታችሁ ከዋጋው 3,000 አስቀንሱ። ቀጥሎ በጎኑ ያለችውን ኤሌክትሪክ ቫልቭ ፈትሹ። ገላዋን ከባትሪው ኔጌቲቭ አስነክታችሁ ለጫፏ 12 ቮልት ስትሰጧት «ጠቅ» ማለት አለባት። ዝም ካለች ነዳጅ በሚኒሞ አታሳልፍም፣ ለብቻዋ መግዛት ነው። ከዚያ ማኅተሙን እዩ። የጀርመኑ ሶሌክስ ብሎ ተቀርጾበታል። ብሮሶል የሚል ካገኛችሁ በፈቃድ የተሠራ የብራዚል ነው፣ ቦካር የሚለው የሜክሲኮ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ አትናቋቸው። ሜክሲኮ ቮልስን እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስትሠራ ስለነበር የእነሱ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከጀርመኑ ያነሰ ድካም አለበት። እኔ ብመርጥ ቦካር ነው የምመርጠው። «ጀርመን ካልሆነ» ለሚል ሰው 4,000 ብር ጨምሮ ስም ይግዛ።

ቅጂው ለምን አይታደስም? የባሕር ዳሩ ጓደኛዬ የገዛውን ልንገራችሁ። ጥንድ ነው፣ ያው ባለ 85,000ው። ሳጥኑ ያምራል፣ ዕቃውም ያብረቀርቃል። ገጥመን አስነሳናት፣ ድምፁ ልብ ይሰርቃል። በሳምንቱ ካንዴላዎቹ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ጄቱን፣ ነዳጅ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ቡሎን፣ ፈታን። ላዩ ላይ 130 ይላል፣ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ 1.30 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ቶርኖ ቤት ሄደን የ1.3 መሰርሰሪያ አስገባንበት። እየተወዛወዘ ገባ። የሌላኛውን ካርቡሬተር ጄት ሞከርን፣ እሱ ጭራሽ አላስገባም። ሁለቱም 130 ነው የሚሉት! በአንድ ሞተር ግራና ቀኝ የተለያየ ነዳጅ እየጠጣ ነበር። ኦርጅናል ጄት እንግጠምበት ስንል ጥርሱ አልገጠመም። ገፋ ስናደርገው የቅጂው ጥርስ እንደ አመድ ተልጦ ወረደ።

የባሰው ግን መርፌው ነው። የካርቡሬተሩ ነዳጅ ማጠራቀሚያ ሲሞላ ተንሳፋፊው ገፍቷት ነዳጁን መዝጋት ያለባት መርፌ ተጣብቃ ቀረች። መኪናዋ ቆማ ባደረችበት ነዳጁ በሲሊንደሩ አልፎ ዘይት ውስጥ ገባ። የዘይት መለኪያውን ስባችሁ ስታሸቱት ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አታስነሱ። ዘይቱ ቀጥኗል፣ ኩሽኔታ ትበላላችሁ። ጓደኛዬ ዘይት ቀየረ፣ መርፌ ፈለገ፣ አጣ። ሻጩ ስልኩን አነሳና «ወንድሜ፣ የተገጠመ ዕቃ አንመልስም» አለው። አሁን ጥንዱ መደርደሪያ ላይ ነው። ልጆቹ ይጫወቱበታል።

እውነተኛው ዌበርስ? ዕቃው አያከራክርም። የድሮዎቹ ቦሎኛ፣ ጣሊያን የተሠሩ ናቸው፣ የኋለኞቹ ስፔን። የስፔኑ ቅጂ አይደለም፣ አንዳንድ ሰው ሳያውቅ እንደ ፎርጅድ ያያቸዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ጄቱ የሚመጣው ለባሕር ወለል ተብሎ ነው። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ነዳጁ ግን አይሳሳም፣ ስለዚህ ሞተሩ ይጠግባል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። አነስ ያለ ጄት መግዛት ግድ ነው፣ ጥንድ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር በእጥፍ ነው። ኧረ ሌላም አለ። የቮልስ ሞተር ሲሞቅ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሁለቱን ካርቡሬተር የሚያገናኘው ዘንግም አብሮ ይዛባል። ቀዝቃዛ ሳለ ያስተካከላችሁት ሲሞቅ ልክ አይሆንም። እዚህ ያሉ ጎበዝ መካኒኮች ቀጭን ጎማ ቱቦ ጆሯቸው ላይ አድርገው የሁለቱን አየር ሲስብ እያዳመጡ ያመጣጥኑታል። ያንን የሚችል ሰው አጠገባችሁ ከሌለ 190,000 ብር አታባክኑ።

አቧራውንም አትርሱ። ጥንዶቹ ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ የክሮም ማጣሪያዎች ለፎቶ ናቸው። ከዋናው አስፋልት ወጥታችሁ በበጋ ወደ ገጠር ስትገቡ ያን ሁሉ አፈር ሞተሩ ይውጠዋል። የፋብሪካው ማጣሪያ፣ ታችው ላይ ዘይት የሚደረግበት፣ አቧራውን ዘይቱ ውስጥ ያስቀረዋል። ጭቃ ሲሆን ታጥባላችሁ፣ ዘይት ትሞላላችሁ፣ አለቀ። አሮጌው 2,500 ብር ይገኛል። ሰዎች ለክሮሙ ሲሉ አውጥተው የሚጥሉት ይሄንን ነው። የሚጥል ካለ ለእኔ ይስጠኝ።

በክረምት ደግሞ ነጠላው ካርቡሬተር ሌላ ጥቅም አለው። ከሥሩ ያለው ቱቦ በማርሚታው ጭስ ይሞቃል። በሐምሌ ጠዋት ማርቆስ ላይ ይሄ ሙቀት ከሌለ ቱቦው በረዶ ይይዛል፣ መኪናዋም እስክትሞቅ ታስላለች። አሮጌ ቱቦ ስትገዙ የጭስ መተላለፊያዋን ቀጭን ቱቦ በሽቦ ሞክሩ። በጥቀርሻ ከተደፈነች ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይም ተዉት።

አንዳንዱ «ኦክራሳስ?» ይለኛል። ኦክራሳ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ኧቲንገር የሚባለው ሰው ለቮልስ ያወጣው የጉልበት ኪት ነው፣ የራሱ ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) እና ሁለት ሶሌክስ ያለው። እውነተኛ የዘመኑ ዕቃ እሱ ነው። ዋጋው ግን በዶላር በሺዎች ነው የሚቆጠረው። ዝም ብለን ፎቶውን እንይ።

ዲስትሪቢውተር ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክሬ ግን ከብዙ ሰው ይለያል። ሁሉም «009 ግጠም» ይላል። ቦሽ 009 ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ቫኩም (በሞተሩ አየር መሳብ ብልጭታውን የሚያስቀድም ክፍል) የለውም፣ ብልጭታውን የሚያስቀድመው በሞተሩ ፍጥነት ብቻ ነው። ከ34ቱ ነጠላ ሶሌክስ ጋር ሲጣመር ነዳጅ ስትረግጡ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያመነታል። አስፋልት ላይ ቻል ታደርጉታላችሁ። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጡ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ ከፊት ጭነት መኪና ቆሞ እንደገና በአንደኛ ማርሽ ለመነሳት ስትሞክሩ ያቺ ማመንታት ወደ ኋላ ታንሸራትታችኋለች። የፋብሪካውን ቫኩም ያለውን ፈልጉ። አሮጌው 6,000፣ ቦሽ 009 እውነተኛው 15,000፣ ቅጂው 7,500። የ009 ቅጂ ውስጥ ያሉት ሁለት ስፕሪንጎች ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም፣ ብልጭታው አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። የቫኩሙን ኩባያ ስትገዙ ቱቦውን በአፋችሁ ሳቡት። ውስጡ ያለው ሳህን ከተንቀሳቀሰና በምላሳችሁ ዘግታችሁ ከያዘ ደህና ነው። አየር ካስገባ ላስቲኩ ተቀዷል።

ቸርኬ ላይ ምርጫው ቀላል ነው። የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እውነተኛ የውድድር ቸርኬ ማግኒዥየም ነበር፣ አሁን የሚገኘው ተበልቶ ነው። የዛሬዎቹ ተመሳሳዮች አልሙኒየም ናቸው፣ ያምራሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ግን ይሰነጠቃሉ። የብረቱ ሲታጠፍ ጎሚስታው በመዶሻ ይመልሰዋል፣ 300 ብር። ለአራት አሮጌ የብረት ቸርኬ 12,000 ከፍላችሁ አሸዋ አስመቱና ቀለም ቀቡ። ሰው ሁሉ የሳፋሪ መኪና ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ግን ብር ከመላካችሁ በፊት። ቡሎኑን ቁጠሩ። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠሩት ባለ 5 ቡሎን ናቸው፣ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 205 ሚሊ ሜትር። ከ1968 ወዲህ ያሉት ባብዛኛው ባለ 4 ቡሎን ናቸው፣ 130 ሚሊ ሜትር። ባለ 4ን በሜትር ለመለካት ከአንዱ ቀዳዳ መሐል ፊት ለፊቱ ወዳለው ቀዳዳ መሐል ነው። ባለ 5 ፊት ለፊት ቀዳዳ ስለሌለው በመቁጠር ብቻ ይለያል። «ሁለቱም ይገጥማል» የሚላችሁ ሻጭ ካለ ስልኩን ዝጉበት።