አዲስ ታወር ወይስ ስላሽ ሚኒ? ለቀበሌና ለክፍለ ከተማ መሥሪያ ቤቶች የኮምፒዩተር ግዥ ንጽጽር

በየዓመቱ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ የበጀት መዝጊያው ሲቃረብ፣ በደሴና በኮምቦልቻ በቀበሌ፣ በጤና ጣቢያና በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩ ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርቡልኛል፦ «ኮምፒዩተር ልንገዛ ነው፤ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ምን እንጻፍ?» ጥያቄው የሚደርሰኝ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፎርማው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ሐሳብ ለመለወጥ ፋታ በሌለበት ሰዓት ስለሆነ፣ መልሴን ቀደም ብሎ ማንበብ ለሚፈልግ ሁሉ እዚህ አሰፍረዋለሁ። የማነጻጽረው ሁለት ምርጫዎችን ነው። አንደኛው ከነካርቶኑ የሚመጣው፣ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃድ ሳይከፈልበት ተሰብሮ የተከፈተ፣ ዊንዶውስ የተጫነበት አዲስ ታወር ነው። ሁለተኛው በውጭ አገር ድርጅቶች ለጥቂት ዓመታት አገልግሎ የገባ ስላሽ ሚኒ ዴስክቶፕ፣ ማለትም ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የተባለው ነፃ ሲስተም ተጭኖበት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የማልመርጥበትንም ቦታ ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ከዋጋው እንነሣ። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ የኮምፒዩተር ዋጋ በቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ እዚህ የምጽፈው የብር አኃዝ ለስሌት የተያዘ ምሳሌ እንጂ የዛሬ የሱቅ ዋጋ አይደለም። አዲሱ ታወር 80,000 ብር፣ ተመጣጣኝ ጉልበት ያለው ስላሽ ሚኒ ደግሞ 35,000 ብር ነው ብለን ብንይዝ፣ ለ10 ሠራተኞች የሚገዛ ጽሕፈት ቤት 450,000 ብር ይተርፈዋል። በዚህ ገንዘብ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ደህና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባለ ባትሪ መሣሪያ)፣ ለመጠባበቂያ ቅጂ ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና መለዋወጫ ቻርጀሮች ተገዝተው ገና ይተርፋል። በአዲሱ ታወር ፕሮፎርማ ላይ «ዊንዶውስ የተጫነ» የሚለው ሐረግ ፈቃዱ ተከፍሎበታል ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ፕሮ በችርቻሮ የሚጠይቀው 199 ዶላር ነው፤ ለ10 ኮምፒዩተር 1,990 ዶላር ይሆናል። ይህን ወጪ በፕሮፎርማ ውስጥ ያካተተ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወዳጆቼ ስላሽ ሲባል የሚያነሡት ስጋት «ያገለገለ ዕቃ መንግሥት ቤት እንዴት ይገባል?» የሚል ነው። ስጋቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን አዲስ ተብሎ የገባውን ሁሉ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። አንድ መሥሪያ ቤት ስፔሲፊኬሽኑ ላይ «ኮር አይ 7» ብሎ ብቻ ጽፎ የተረከበውን ታወር የጎን ሽፋን ስከፍተው፣ ካርቶኑና ካሱ አዲስ ሆኖ ፕሮሰሰሩ የአራተኛው ትውልድ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ባለ አራት ኮር ነበር። አቅራቢው የተጻፈውን አሟልቷል፤ አይ 7 ነው። በንጽጽር የስምንተኛው ትውልድ አይ 5፣ ለምሳሌ በሚኒዎቹ ውስጥ የሚገኘው 8500ቲ፣ ስድስት ኮር አለው። የዚያው ታወር ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ላዩ ላይ 500 ዋት የሚል ተለጥፎበት በእጅ ሲያነሡት ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ነበር፤ ውስጡ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩት ጥቅልሎች ሊቀመጡበት የሚገባው ቦታ በቁራጭ ሽቦ ተሻግሯል። በእኛ ከተማ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ የሚዘልለውን ዝላይ የሚያውቅ ሰው፣ እንዲህ ያለው ፓወር ሰፕላይ ማዘርቦርዱን ይዞ እንደሚሄድ ለመገመት አይቸገርም። ስለዚህ ፋብሪካው ስሙን የጻፈበት ያገለገለ ዕቃ፣ ማን እንደገጣጠመው ከማይታወቅ አዲስ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ፍጆታው ልዩነት ከሚገመተው በላይ ነው። በተለመደ የቢሮ ሥራ ላይ ታወሩ ያለ ሞኒተሩ 60 ዋት፣ ሚኒው 15 ዋት ገደማ ይወስዳሉ ብንል፣ በቀን 8 ሰዓት በዓመት 250 ቀን ሲሠሩ ልዩነቱ በአንድ ኮምፒዩተር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ 20 ኮምፒዩተር ላለው ጽሕፈት ቤት 1,800 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ይሁን እንጂ ለእኔ ከቆጣሪው ይልቅ የሚበልጠው የዩፒኤሱ ጉዳይ ነው። በየሱቁ ያለው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ በውስጡ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ አንድ የ12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው፤ ይህም በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው። ታወሩ ከነሞኒተሩ 80 ዋት፣ ሚኒው ከነሞኒተሩ 35 ዋት ሲወስዱ፣ የሊድ አሲድ ባትሪ በዝግታ ሲራገፍ የበለጠ ስለሚሰጥ፣ በሚኒው የሚገኘው ጊዜ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። መብራት ሲሄድ ወረፋ የያዘውን ባለጉዳይ አስተናግዶ መጨረስና «ነገ ይምጡ» ብሎ መመለስ የሚለያዩት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ባትሪው ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለሆነም ከደሴ ዝቅ ብላ በምትሞቀው በኮምቦልቻ ዩፒኤሱን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

የሚኒው ደካማ ጎን ቻርጀሩ ነው። እንደ ላፕቶፕ ከውጭ በሚሰካ ቻርጀር ስለሚሠራ፣ የገበያው ኮፒ ሁሉ መንገድ ያገኛል። የዴል ቻርጀር ጫፍ መካከል ላይ ያለችው ቀጭን መርፌ ለኮምፒዩተሩ የቻርጀሩን ማንነትና ዋት የምታሳውቅ ናት፤ ኮፒው ይህን መልእክት ካላስተላለፈ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም ብሎ ያስጠነቅቅና ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። አንድ ጽሕፈት ቤት «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት ይደረግልን» ብሎ የላከልኝ ሚኒ፣ ባዮሱን፣ ማለትም ከሲስተሙ በፊት የሚነሣውን የማዘርቦርዱን ፕሮግራም፣ ከፍቼ ሳየው ቻርጀሩን አያውቀውም ነበር፤ ኦርጅናል ባለ 65 ዋት ስሰካለት ያለምንም ፎርማት ወደ ፍጥነቱ ተመለሰ። ስለዚህ ቻርጀሩ ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣው ኦርጅናል እንዲሆን ስፔሲፊኬሽኑ ላይ መጻፍና ከአምስት አንድ መለዋወጫ መግዛት ተገቢ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የሚጉላላበት ነገር ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት። እርሷ ስታልቅ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለስና የድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫ ጊዜው ስለማይገጥም ብሮውዘሩ አልከፍትም ይላል፤ ለዚህ ኢንተርኔት ተበላሽቷል ተብሎ ክፍያ የሚጠየቅበትን ጊዜ አይቻለሁ።

በደኅንነት በኩል ንጽጽሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ሲጫን አንቲቫይረሱ እንዲጠፋ ይደረጋል፣ ብዙውን ጊዜም ዝማኔው ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት የብሪታንያን ሆስፒታሎች ሥራ ሲያውክ፣ ክፍተቱን የሚደፍነው ዝማኔ ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ የተጎዱት ያላዘመኑት ናቸው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። የነዋሪዎች መታወቂያና የይዞታ ማኅደር በሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ላይ ዝማኔ የማይደርሰው ሲስተም መጫን ለእኔ ተቀባይነት የለውም። ሊኑክስ ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ ዝማኔ በነፃ ያገኛል፣ በየፍላሹ የሚዞረው ሾርትከት ቫይረስም አይሠራበትም፤ በሚጫንበት ጊዜ ደግሞ አንድ ምልክት በማድረግ ብቻ ዲስኩ በሙሉ በይለፍ ቃል ይመሠጠራል።

ምስጠራውን አጥብቄ የምመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ከብዙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮች ከነመረጃቸው ተወስደዋል። የሁለቱም ከተሞች ዕጣ አንድ ስለነበረ፣ የደሴን ቅጂ ኮምቦልቻ ማስቀመጥ በቂ አይደለም፤ የተመሠጠረ ቅጂ ከአካባቢው ውጭ ባለ የበላይ መሥሪያ ቤት መቀመጥ አለበት። ለቅጂ የሚገዛው ዲስክም ይፈተሽ። በርካሽ የሚሸጥ ባለ 2 ቴራባይት ፍላሽ ብዙ ጊዜ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ፣ የቀረውን ተቀበልኩ ብሎ የሚያጠፋ ነው፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን ውስጡ የለም። ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ያሳያል። ሰዓታት ይወስዳል፤ ቢሆንም መደረግ አለበት።

ወደ ሊኑክስ ሲኬድ ሠራተኛው የሚቸገረው በአማርኛ ጽሕፈት ነው። ኪማን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ስለሚሠራ የአማርኛውን ድምፅ በላቲን ቁልፎች እየመታ መጻፍ የለመደ ጸሐፊ በቀላሉ ይለምደዋል። ችግሩ ያለው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ፊደላት በሁሉም ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት እንዲነበቡ ካደረገው መለያ ሥርዓት፣ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎች ላይ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናሉ፤ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው። ኒያላ በተባለው ፎንት የተጻፈ ደብዳቤም ፎንቱ ከሌለ ገጹ ይንሸራተታል፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ነፃ ፎንት በዊንዶውሱም በሊኑክሱም ላይ ቢጫን ሁሉም አንድ ገጽ ያያል። ፕሪንተሩ ከግዥው በፊት ይሞከር፤ የኤችፒ ሌዘሮች ብዙም አያስቸግሩም፣ የካኖን ኤልቢፒ ዓይነቶች ግን የራሳቸውን ድራይቨር ፈልጎ መጫን ይጠይቃሉ።

አዲስና ሕጋዊ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒዩተር የምመክርበት ቦታ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ የሂሳብ ወይም የምህንድስና ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ክፍል ነው፤ እዚያ ፈቃዱ ተከፍሎበት ይገዛ። ላፕቶፕ የሚገዛው ከቢሮ ውጭ ለሚሠራ ሠራተኛ ብቻ ይሁን። ከአንድ ሰርቨር ጋር የሚያያዙ ቀጭን ተርሚናሎችን ደግሞ ሰርቨሩን የሚጠብቅ ባለሙያ ለሌለው ጽሕፈት ቤት አልመክርም።

አካባቢን በተመለከተ፣ በቢሮ ኮምፒዩተር ዕድሜ ውስጥ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በሚመረትበት ጊዜ ስለሆነ፣ የተመረተውን ለተጨማሪ ዓመታት ማሠራት ራሱ ጥቅም ነው። ያለቀ የዩፒኤስ ባትሪ ለቆራሌው መሸጡ ግን መቆም አለበት፤ ውስጡ እርሳስና አሲድ ነው፤ ግቢ ውስጥ ተሰብሮ ሲቀልጥ የሚጎዳው የሰፈሩን ሕፃናት ነው። የሚወገድ ሃርድ ዲስክም ውስጡ ያለው መረጃ ሳይጠፋ ከግቢ አይውጣ።

ስፔሲፊኬሽኑ ላይ የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ)ና ኦርጅናል ቻርጀር በግልጽ ይጻፉ። ዕቃው ሲመጣ ተረካቢ ኮሚቴው ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ከመቁረጡ በፊት እያንዳንዱን አብርቶ፣ ባዮስ ውስጥ ያለው ሰሪያል ቁጥር ከካሱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን፣ ባዮሱ በቀድሞ ባለቤቱ የይለፍ ቃል አለመቆለፉን፣ ኤስኤስዲው የሠራበት ሰዓት ስንት እንደሆነና ቻርጀሩ መታወቁን ይመልከት፤ ከእነዚህ አንዱ የጎደለበትን ዕቃ አቅራቢው እዚያው ሳለ ይመልስ።